የጊዜ ሚዛን፤ በኔትወርክ ስዊቾች ላይ ትክክለኛ ሰዓትን ስለ ማሰናዳት

ነጋዴ በሁለት ነገሮች ይተማመናል፤ አንደኛው ሚዛኑ ነው፣ ሁለተኛውም መዝገቡ ነው። ሚዛኑ የተዛባ እንደ ሆነ ደንበኛው ይሸሻል፤ መዝገቡ የተዛባ እንደ ሆነ ደግሞ ክርክር በተነሣ ጊዜ የሚመሰክርለት አይገኝም። በአሁኑ ዘመን ግን ከእነዚህ ከሁለቱ ጋር የሚቈጠር አንድ ሦስተኛ ነገር አለ፤ እርሱም በመዝገቡ ላይ የእያንዳንዱን ሥራ ጊዜ የሚጽፈው ሰዓት ነው። ትእዛዙ መቼ ደረሰ፣ ገንዘቡ መቼ ተላለፈ፣ ዋጋው መቼ ተሰጠ ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የኮምፒዩተር ሰዓት ስለ ሆነ፣ ይህ ሰዓት ሲሳሳት መዝገቡም አብሮ ይሳሳታል።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር ሻጭና ገዥ በአንድ አዳራሽ ቆመው በድምፅ ዋጋ እየጠሩ ይገበያዩ ነበር፤ በተስማሙም ጊዜ እጅ ለእጅ ይመታቱ ነበር። ማን እንደ ቀደመ የሚያይ ዓይንና የሚሰማ ጆሮ በአዳራሹ ውስጥ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2015 ግን ግብይቱ ወደ ኤሌክትሮኒክ ዘዴ መለወጥ ጀመረ። በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ በአዲስ አበባ ተከፈተ። እንዲህ ያለው ግብይት በተስፋፋ ቍጥር፣ ቀድሞ የዓይንና የጆሮ የነበረው ምስክርነት ወደ ሰዓት ይተላለፋል። በዓለም ላይ ባሉት ብዙ የኤሌክትሮኒክ ገበያዎች እኩል ዋጋ ካቀረቡት ሁለት ሰዎች የሚቀድመው ትእዛዙ ቀድሞ የደረሰለት ነውና።

ከዚህ የሚመጣውን ጉዳት ለማስረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል። አንድ ገበያ ትእዛዝ የሚቀበልባቸው ሁለት መግቢያዎች አሉት እንበል። የመጀመሪያው ነጋዴ ትእዛዝ በአንደኛው መግቢያ ደረሰ፤ የሁለተኛው ነጋዴ ትእዛዝ ከእርሱ 3 ሚሊሴኮንድ ዘግይቶ በሁለተኛው መግቢያ ደረሰ። የሁለተኛው መግቢያ ሰዓት ግን በ5 ሚሊሴኮንድ ወደ ኋላ የቀረ ነበር። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ ዘግይቶ የመጣው ነጋዴ በ2 ሚሊሴኮንድ የቀደመ ሆኖ ይጻፋል። ማንም ሰው አላታለለም፤ ማንም ሰው መዝገቡን አልፋቀም፤ ሆኖም ቀዳሚው ተከታይ ሆነ፣ ዕቃውም ለሌላ ተሰጠ። እንዲህ ያለ ስሕተት እንዳይደርስ የሚደረገው ጥንቃቄ የዚህ ትምህርት ርእስ ነው።

የጊዜ መለኪያዎችና የአገሮች ደንብ

አስቀድሞ መለኪያዎቹን ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ሴኮንድ ለ1,000 ሲከፈል አንዱ ክፍል ሚሊሴኮንድ ይባላል። ሚሊሴኮንድ ለ1,000 ሲከፈል ማይክሮሴኮንድ፣ ማይክሮሴኮንድም ለ1,000 ሲከፈል ናኖሴኮንድ ይባላል። ብርሃን በፋይበር ኬብል ውስጥ አንድ ሜትር ለመሄድ 5 ናኖሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል።

አገሮች በእነዚህ መለኪያዎች ደንብ አውጥተዋል። በአውሮፓ ኅብረት ከጃንዋሪ 3 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራበት ሕግ መሠረት፣ እጅግ ፈጣን በሆነ የኮምፒዩተር ግብይት የሚሳተፍ ድርጅት ሰዓቱ ከዓለም አቀፉ ሰዓት ከ100 ማይክሮሴኮንድ በላይ መራቅ አይፈቀድለትም። ለሌላው የኤሌክትሮኒክ ግብይት የተፈቀደው ልዩነት 1 ሚሊሴኮንድ ሲሆን፣ በድምፅ ለሚደረገው ግብይት 1 ሴኮንድ ነው። በአሜሪካ ደግሞ ፊንራ የተባለው የደላሎች ተቆጣጣሪ ድርጅት ለአባሎቹ የኮምፒዩተር ሰዓቶች የወሰነው ልዩነት 50 ሚሊሴኮንድ ነው።

ከዚህ የሚገኘው የመጀመሪያው ትምህርት፣ ሰዓት የሚገዛው እንደ ሥራው ፍላጎት መሆኑ ነው። የወርቅ ሚዛን ለጤፍ ነጋዴ አያስፈልገውም፤ የጤፍ ሚዛንም ለወርቅ ነጋዴ አይበቃውም። ደረሰኝ ለሚቆርጥ ሱቅ፣ ዕቃ ለሚመዘግብ መጋዘን፣ ደብዳቤ ለሚጽጽፍ የአስመጪ ጽሕፈት ቤት አንድ ሴኮንድ ያህል ልዩነት የሚያመጣው ጉዳት የለም። ለገበያ ማእከል፣ ለባንኮች የክፍያ ማእከል፣ ለስልክ ድርጅት፣ ለመብራት ኃይልና ለቴሌቪዥን ስቱዲዮ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ሰዓቶች ስለምን ይለያያሉ?

በእያንዳንዱ ኮምፒዩተር ውስጥ ኳርትዝ ከሚባል ማዕድን የተሠራ ትንሽ ሰዓት ቈጣሪ አለ። ይህ ኳርትዝ በሙቀትና በዕድሜ ምክንያት ፍጥነቱ ጥቂት ይለዋወጣል። ከአንድ ሚሊዮን ላይ 20 ያህል የሚሳሳት ኳርትዝ በአንድ ቀን ውስጥ 1.7 ሴኮንድ ይሳሳታል። ስለዚህ ሁለት ኮምፒዩተሮች ዛሬ ጠዋት እኩል ቢሞሉ እስከ ነገ ጠዋት ድረስ እኩል ሆነው አይቈዩም። ማስተካከል የሚባለው ሥራ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚቀር ሳይሆን፣ ሳያቋርጥ የሚካሄድ መሆን ያለበት ስለዚህ ነው።

ለዚህ ሥራ ሁለት የታወቁ ዘዴዎች አሉ። የመጀመሪያው ኤን.ቲ.ፒ. የሚባለው ሲሆን ዴቪድ ሚልስ የተባሉት አሜሪካዊ ሊቅ ያዘጋጁት ነው፤ በጽሑፍ የወጣውም በ1985 እ.ኤ.አ. ነው። ይህ ዘዴ በማናቸውም ኮምፒዩተር ላይ ያለ ተጨማሪ ወጪ ስለሚሠራ፣ ለተራው ሱቅና ለተራው ጽሕፈት ቤት የሚበቃው እርሱ ነው። ሁለተኛው ፒ.ቲ.ፒ. የሚባለው ነው። ይህንንም አይ-ትሪፕል-ኢ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክ መሐንዲሶች ማኅበር በ1588 ቍጥር ደንብ አድርጎ በ2002 እ.ኤ.አ. አወጣው፤ በ2008 እና በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሻሻለው። ፒ.ቲ.ፒ. ከማይክሮሴኮንድ በታች የሆነ ልዩነት ለማግኘት የሚያስችል ቢሆንም፣ ይህ ውጤት የሚገኘው በመንገዱ ላይ ያሉት ስዊቾች በሚገባ የተሰናዱ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

መልእክተኛውና ሁለቱ ሰዓቶች

ፒ.ቲ.ፒ. የሚሠራበትን መንገድ ለመረዳት ስለ ኮምፒዩተር ማወቅ ግድ አይደለም። አንድ ነጋዴ ዋና ጽሕፈት ቤቱ በመርካቶ፣ መጋዘኑ ደግሞ በቃሊቲ ነው እንበል። የመርካቶው ሰዓት ትክክለኛ ነው፤ የቃሊቲው ግን መዛባቱና አለመዛባቱ አልታወቀም። ነጋዴው ሰዓቱን ለማመሳከር መልእክተኛ ይልካል።

መልእክተኛው ከመርካቶ ሲነሣ የመርካቶው ሰዓት ጠዋት 3፡00 ነበር። ቃሊቲ ሲደርስ የቃሊቲው ሰዓት 3፡10 ይላል። ከቃሊቲ ሲመለስ የቃሊቲው ሰዓት 3፡20 ነበር። መርካቶ ሲደርስም የመርካቶው ሰዓት 4፡10 ሆኗል። በመሄጃው የታየው ልዩነት 10 ደቂቃ፣ በመመለሻው የታየው ልዩነት 50 ደቂቃ ነው። ሁለቱ ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ 30 ደቂቃ ይሆናል፤ ይህ የመንገዱ ርዝመት ነው። ትንሹ ከትልቁ ተቀንሶ ለሁለት ሲካፈል ደግሞ 20 ደቂቃ ይሆናል፤ ይህም የቃሊቲው ሰዓት ወደ ኋላ የቀረበት ልክ ነው። እንግዲህ የመንገዱን ርዝመት አስቀድሞ ያላወቀ ሰው በአራት ቍጥሮች ብቻ መንገዱንም ሰዓቱንም ለካ ማለት ነው። ፒ.ቲ.ፒ. በየሴኮንዱ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ሒሳብ በአንድ ነገር ላይ የተመሠረተ ነው፤ እርሱም የመሄጃውና የመመለሻው ጊዜ እኩል መሆኑ ነው። መልእክተኛው በመመለሻው መንገድ ላይ የመኪና ብዛት አግዶት በ30 ደቂቃ ፈንታ 50 ደቂቃ ቢፈጅበት፣ መርካቶ የሚደርሰው 4፡30 ላይ ይሆናል። የመመለሻው ልዩነት 70 ደቂቃ ስለሚሆን ሒሳቡ የቃሊቲው ሰዓት 30 ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቷል ይላል። እውነቱ ግን 20 ደቂቃ ነው። የ20 ደቂቃ መዘግየት የ10 ደቂቃ ስሕተት አመጣ፤ ስሕተቱ ሁልጊዜ የሁለቱ መንገዶች ልዩነት እኩሌታ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ አራቱን ቍጥሮች ብቻ የሚመለከት ሰው ይህን ስሕተት ሊያገኘው አለመቻሉ ነው።

ስዊቹ የበር ጠባቂ ነው

ስዊች ማለት የብዙ ኮምፒዩተሮች ኬብል የሚገናኝበትና መልእክት ሁሉ ወደሚሄድበት የሚከፋፈልበት ሣጥን ነው። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ ስዊቹ በመንገድ ላይ ያለ የበር ጠባቂ ነው። በሩ ላይ ሰልፍ ካለ መልእክተኛው ይቆማል። አንድ ጊጋቢት በሚባለው የኬብል ፍጥነት አንድ ሙሉ የመረጃ ጥቅል በበሩ ለማለፍ 12 ማይክሮሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። የሰዓቱ መልእክት ከ20 ጥቅሎች ኋላ ቢሰለፍ 240 ማይክሮሴኮንድ ይዘገያል፤ በመመለሻው ሰልፍ የሌለ እንደ ሆነም የሚመጣው ስሕተት የዚህ እኩሌታ፣ ማለት 120 ማይክሮሴኮንድ ነው። የአውሮፓው ሕግ የወሰነው 100 ማይክሮሴኮንድ በአንድ ተራ ስዊች ብቻ ታለፈ ማለት ነው።

ለዚህ ችግር ፒ.ቲ.ፒ. ሁለት ዓይነት ስዊቾችን አዘጋጅቷል። የመጀመሪያው ባውንደሪ ክሎክ፣ ማለት የድንበር ሰዓት የሚባለው ነው። ይህ ስዊች የራሱ ሰዓት አለው፤ ሰዓቱንም ከበላዩ ካለው ሰዓት ጋር ካስተካከለ በኋላ ከበታቹ ላሉት የራሱን አዲስ መልእክተኛ ይልካል። ስለዚህ ማንም መልእክተኛ ከአንድ በር በላይ አይሻገርም። ሁለተኛው ትራንስፓረንት ክሎክ፣ ማለት አሳላፊ ሰዓት የሚባለው ነው። ይህ ስዊች መልእክተኛውን ራሱን ያሳልፈዋል፤ ነገር ግን በበሩ የቆመበትን ጊዜ ለክቶ በፖስታው ላይ ይጽፍበታል፤ ተቀባዩም ያንን ጊዜ ከሒሳቡ ይቀንሳል።

ሁለቱም ዓይነቶች የሚጠቅሙት የጊዜው ማኅተም በኬብሉ መግቢያ ላይ በራሱ በመሣሪያው የሚመታ ሲሆን ነው። ይህ ሃርድዌር ታይምስታምፕ ይባላል። ማኅተሙ በሶፍትዌር የሚመታ ከሆነ ግን፣ ጸሓፊው ደብዳቤውን ከተቀበለ በኋላ ሌላ ሥራውን ጨርሶ ሰዓት እንደ መጻፍ ያለ ነውና መዘግየቱ በየጊዜው ይለያያል።

የአሰነዳዱ ቅደም ተከተል

1ኛ፤ አውራውን ሰዓት መምረጥ። በእያንዳንዱ ኔትወርክ ውስጥ ሁሉ የሚከተለው አንድ አውራ ሰዓት ይኖራል፤ በሙያው ቋንቋ ግራንድማስተር ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ በጣራ ላይ ባለ አንቴና ከጂ.ፒ.ኤስ. ሳተላይቶች ሰዓት የሚቀበል መሣሪያ ነው። መሣሪያዎቹ አውራቸውን የሚመርጡት በራሳቸው ነው፤ የሚያነጻጽሩትም በተወሰነ ተራ ነው። መጀመሪያ ፕራዮሪቲ 1 የሚባለው ቍጥር ይታያል፤ ቀጥሎ የሰዓቱ ደረጃ፣ ትክክለኛነቱና እርጋታው ይታያል፤ ከዚያም ፕራዮሪቲ 2፤ በመጨረሻም የመሣሪያው መለያ ቍጥር። በሁሉም ላይ ትንሹ ቍጥር ያሸንፋል። ብዙ መሣሪያዎች ከፋብሪካ ሲወጡ ሁለቱም ፕራዮሪቲዎች 128 ተደርገው ነው። ባለቤቱ ምርጫውን ካላሰናዳ፣ አውራው ሰዓት በጠፋ ጊዜ ከተራዎቹ ስዊቾች አንዱ አውራ ሊሆን ይችላል።

2ኛ፤ ተተኪውን ማዘጋጀት። ጥንቁቅ ድርጅት ሁለት አውራ ሰዓቶች ይገዛል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ለመጀመሪያው ፕራዮሪቲ 1ን 10፣ ለሁለተኛው 20 ብለው ይሰጣሉ። በዚህ ጊዜ የመጀመሪያው ሰዓት አንቴናው ቢበጠስና ሳተላይቶቹን ማየት ቢያቆም እንኳ ከሥልጣኑ አይወርድም፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ፕራዮሪቲ 1 ስለ ሆነ የደረጃው መውረድ አይታይበትም። ትክክለኛው አሰነዳድ ለሁለቱም ፕራዮሪቲ 1ን እኩል 10 አድርጎ፣ በፕራዮሪቲ 2 ለመጀመሪያው 10፣ ለሁለተኛው 20 መስጠት ነው። ሳተላይት የሚቀበል ሰዓት ደረጃው 6 ነው፤ ሳተላይቱን አጥቶ በራሱ ኳርትዝ የሚቈይ ሰዓት ወደ 7 ይወርዳል። በዚህ አሰነዳድ የመጀመሪያው በወደቀ ጊዜ ሁለተኛው ወዲያውኑ ይተካዋል። ሹመት በስም ሳይሆን በብቃት ይሁን እንደ ማለት ነው።

3ኛ፤ ዶሜይን የሚባለውን ቍጥር አንድ ማድረግ። ፒ.ቲ.ፒ. በአንድ ኔትወርክ ላይ ብዙ ማኅበሮች ጎን ለጎን እንዲሠሩ ይፈቅዳል፤ የየማኅበሩ መለያ የዶሜይን ቍጥር ነው። በአይ-ትሪፕል-ኢ ዋና ደንብ የተለመደው ቍጥር 0 ነው። አንዱ ስዊች 0፣ ሌላው 1 ቢሆን በኬብል ተገናኝተው ሳለ አይደማመጡም፤ ስሕተት የሚናገር ማስታወቂያም ላይወጣ ይችላል።

4ኛ፤ የንግግሩን ዘዴ ማስማማት። የመንገዱን ርዝመት መለካት በሁለት ዓይነት ይሆናል። አንደኛው ከአውራው ሰዓት ወይም ከድንበር ሰዓት እስከ ተቀባዩ ድረስ ያለውን መንገድ ባንድነት የሚለካ ነው፤ ሁለተኛው እያንዳንዱ መሣሪያ ከጎረቤቱ ጋር ያለውን ኬብል ለብቻ የሚለካበት ነው። በአንድ ኬብል ሁለት ጫፍ ላይ ሁለቱ ዓይነቶች ቢገናኙ አይግባቡም። መልእክቱ በአይ.ፒ. ይሄድ ወይም በቀጥታ በኤተርኔት ይሄድ እንደ ሆነም በሁለቱ ጫፍ አንድ መሆን አለበት። በአይ.ፒ. የሚሄድ ከሆነ ዩ.ዲ.ፒ. 319 እና 320 የተባሉት ሁለት በሮች በመከላከያ መሣሪያዎች እንዳይዘጉ ያስፈልጋል።

5ኛ፤ የመልእክቱን ድግግሞሽ መወሰን። አውራው ሰዓት መኖሩን የሚያስታውቅበት መልእክት አናውንስ ይባላል፤ በዋናው ደንብ የተለመደው በየ2 ሴኮንዱ አንድ ጊዜ ነው። ተቀባዩ ሦስት ጊዜ ሳይሰማው ከቀረ አውራው ጠፍቷል ብሎ አዲስ ምርጫ ይጀምራል። ላኪው በየ8 ሴኮንዱ እየላከ ተቀባዩ በየ2 ሴኮንዱ የሚጠብቅ ከሆነ፣ በሕይወት ያለው አውራ ሞተ እየተባለ ምርጫው በከንቱ ይደጋገማል። ሰዓቱን የሚያደርሰው ሲንክ የተባለው መልእክት ደግሞ በሴኮንድ አንድ ጊዜ፣ 8 ጊዜ ወይም 16 ጊዜ እንዲላክ ሊደረግ ይችላል።

6ኛ፤ የበታች በሮችን መጠበቅ። ወደ ተራ ኮምፒዩተሮችና ወደ ደንበኞች የሚወጡት የስዊቹ በሮች ሰዓት የሚሰጡ እንጂ ሰዓት የሚቀበሉ እንዳይሆኑ መሰናዳት አለባቸው። አለበለዚያ አንድ ሰው ከቢሮው ያገናኘው መሣሪያ ትንሽ ቍጥር ይዞ ቢመጣ የድርጅቱ ሁሉ ሰዓት ለእርሱ ይገዛል።

7ኛ፤ ኬብሎቹን ማስላት። ከጣራው አንቴና እስከ ሰዓቱ ያለው ኬብል በየሜትሩ 5 ናኖሴኮንድ ያህል ስለሚያዘገይ፣ 40 ሜትር ኬብል 200 ናኖሴኮንድ ያዘገያል፤ ይህ ቍጥር ለመሣሪያው መነገር አለበት። መሄጃውና መመለሻው በሁለት የተለያዩ ፋይበሮች በሚሆንበት ጊዜም ርዝመታቸው እኩል መሆኑ ይረጋገጥ። አንዱ ከሌላው በ20 ሜትር ቢረዝም የ50 ናኖሴኮንድ ስሕተት ይመጣል።

ስለ 37 ሴኮንድ

በሥራ ላይ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ስሕተት ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። ፒ.ቲ.ፒ. በተለመደው አሠራሩ የሚያደርሰው ዓለም አቀፉን የአቶም ሰዓት ነው። የሕዝብ ሰዓት የሚሞላበት ዩ.ቲ.ሲ. የተባለው ሰዓት ግን ከ2017 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ከአቶሙ ሰዓት በ37 ሴኮንድ ወደ ኋላ ነው። አውራው ሰዓት ይህንን ልዩነት ለተቀባዮቹ ይነግራል፤ ተቀባዩ ኮምፒዩተርም ሊቀንሰው ይገባል። ይህ ካልተደረገ የድርጅቱ ሰዓቶች ሁሉ እርስ በርሳቸው በናኖሴኮንድ እየተስማሙ፣ ከዓለም ግን በ37 ሴኮንድ ቀድመው ይገኛሉ።

የአገራችን የሰዓት አቈጣጠር ግን በዚህ ውስጥ የሚያመጣው ችግር የለም። ፒ.ቲ.ፒ. የሚያደርሰው የሴኮንዶችን ቍጥር ብቻ ነው። ይኸው ቍጥር በአዲስ አበባ ጠዋት 3 ሰዓት ተብሎ ቢነበብ፣ በአውሮፓ አነጋገርም የአዲስ አበባው 9 ሰዓት ተብሎ ቢነበብ፣ የአነባበብ ነገር ስለ ሆነ የሚሰናዳው በመጨረሻው ኮምፒዩተር ላይ እንጂ በስዊቹ ላይ አይደለም።

ሥራው ካለቀ በኋላ የሚደረግ ምርመራ

ስዊቹ ተሰናዳ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። በእያንዳንዱ ስዊች ላይ አራት ነገሮች ይመረመራሉ። አንደኛ፣ ሁሉም የሚከተሉት የአንዱን አውራ መለያ ቍጥር መሆኑ፤ ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ በር በተወሰነለት ሥራ ላይ መሆኑ፤ ሦስተኛ፣ ከበላይ ሰዓት ያለው ልዩነት አነስተኛና የረጋ መሆኑ፤ አራተኛ፣ የተለካው የመንገድ ርዝመት ከኬብሉ ርዝመት ጋር የሚስማማ መሆኑ። 100 ሜትር ፋይበር 500 ናኖሴኮንድ ያህል ሊያሳይ ሲገባው ብዙ ማይክሮሴኮንድ ያሳየ እንደ ሆነ፣ በመካከሉ ፒ.ቲ.ፒ. የማያውቅ ስዊች ተደብቋል ማለት ነው።

ከዚህም በኋላ የመጀመሪያው አውራ አንቴና በፈቃድ ተነቅሎ ሁለተኛው መተካቱ ይታይ። ይህ ፈተና ገበያ በተዘጋበት ሰዓት ቢደረግ ወጪው ጥቂት ነው፤ በሥራ ሰዓት በድንገት ሲደርስ ግን ዋጋው ከባድ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ሊታሰብ የሚገባው፣ ሚዛን ራሱን የማይመዝን መሆኑ ነው። ስዊቹ ከአውራው ያለኝ ልዩነት 20 ናኖሴኮንድ ነው ብሎ ቢያሳይ፣ ያሳየው ራሱ ያሰላውን ነው። መንገዱ ያልተስተካከለ እንደ ሆነ፣ ከላይ በመልእክተኛው ምሳሌ እንደ ታየው፣ ስሕተቱ በዚህ ቍጥር ውስጥ አይታይም። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ በኔትወርኩ መጨረሻ ላይ ያለው ሰዓት በቀጥታ ከሳተላይት ከሚቀበል ከሌላ መሣሪያ ጋር መመሳከር አለበት። ውጤቱም ከነቀኑ በመዝገብ ይጻፍ፤ ክርክር በተነሣ ጊዜ የሚያስፈልገው ማስረጃ ይህ ነውና።

አስመጪው ከማዘዙ በፊት የሚጠይቀው

በዕቃ ዝርዝር ላይ «ፒ.ቲ.ፒ. ይቀበላል» የሚል ቃል ብቻውን የሚያስተማምን አይደለም። አስመጪው ፕሮፎርማ ሲቀበል የሚከተሉትን ጥያቄዎች በጽሑፍ ቢያቀርብ ከኪሣራ ይድናል።

የጊዜው ማኅተም በሃርድዌር ነው ወይስ በሶፍትዌር? በሃርድዌር ከሆነስ በሁሉም በሮች ላይ ነው ወይስ በአንዳንዶቹ ብቻ? ስዊቹ የድንበር ሰዓት ነው፣ አሳላፊ ሰዓት ነው፣ ወይስ ሁለቱንም ይሆናል? የ2008ቱን ደንብ ይከተላል ወይስ የ2019ኙን? እነዚህ ሁለቱ አብረው ይሠራሉ፤ በ2002ቱ ደንብ ብቻ የሚሠራ አሮጌ መሣሪያ ግን ከኋለኞቹ ጋር አይነጋገርም። ለስልክ፣ ለመብራት ኃይል ወይም ለቴሌቪዥን ሥራ የተለየው ደንብ በውስጡ አለ ወይ? ፒ.ቲ.ፒ. ከዋጋው ጋር ነው የሚመጣው ወይስ ተጨማሪ የፈቃድ ክፍያ ይጠየቅበታል? አውራው ሰዓት ሳተላይት ባጣ ጊዜ ከ100 ማይክሮሴኮንድ ሳያልፍ ስንት ሰዓት ይቈያል? ከአንድ ሚሊዮን ላይ አንድ ብቻ የሚሳሳት ኳርትዝ እንኳ ይህን ልክ የሚያልፈው በ100 ሴኮንድ ውስጥ ስለ ሆነ፣ የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ የሚከብድ ነው።

ለነዚህ ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ ያልሰጠ ሻጭ፣ ዕቃው ከጉምሩክ ከወጣ በኋላ መልስ ይሰጣል ተብሎ ተስፋ አይደረግበትም። ከጠቅላላው መሣሪያ መካከል አንድ ስዊች ብቻ ፒ.ቲ.ፒ. የማያውቅ ቢሆን፣ ለሌሎቹ የወጣው ገንዘብ ብዙ ጥቅም ሳያስገኝ ይቀራል፤ መልእክተኛው በዚያ በር ላይ ስንት ጊዜ እንደ ቆመ የሚጽፍ የለምና።

ባለ ሱቁ ይህን ሁሉ መግዛት አያስፈልገውም፤ ኮምፒዩተሩ በኤን.ቲ.ፒ. መስተካከሉን አረጋግጦ ወደ ሥራው ይመለስ። ትእዛዙን በኤሌክትሮኒክ ገበያ የሚያቀርበው ላኪና ገዥ ግን ስለ ገበያው ሰዓት የመጠየቅ መብቱን ይወቅ፤ ሰዓቱ ከየት ይመጣል፣ በምን ያህል ልዩነት ይጠበቃል፣ የምርመራው መዝገብስ የት ነው ብሎ ይጠይቅ። ቡናው በሚመዘንበት ጊዜ ሚዛኑን ቀርቦ የሚመለከት ነጋዴ፣ ትእዛዙ የሚመዘንበትን ሰዓት ሳይመለከት ማለፍ አይገባውም።